ሞተር የሚተነፍስበት ቱቦ

(በሬዲዮ ከተላለፈ ንግግር የተገለበጠ)

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ መኪና ሞተር አየር መሳቢያ ነው። አየር መሳቢያ ማለት ሞተሩ አየር የሚስብበት ቱቦ ማለት ነው። ይህን ቱቦ በሰፈር ብረት ሠሪ ወይም በራሳችን እጅ እንዴት መሥራት እንደሚቻል እንነጋገራለን። የትኛውን ክፍል በእጃችን መሥራት እንደሌለብንም እንነጋገራለን።

«እኔ መኪና የለኝ፤ ምን አገባኝ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ መኪና ያለው ጥቂት ሰው ነው። በመኪና የማይገለገል ግን የለም። እህላችን ገበያ የሚደርሰው በመኪና ነው። ማዳበሪያው የሚመጣው በመኪና ነው። በሽተኛውም ወደ ሐኪም ቤት የሚሄደው በመኪና ነው። የእህል ወፍጮ ያለው ሞተርም እንደ መኪናው ሞተር ይተነፍሳል። ደግሞም ከአዳማጮቻችን መካከል ሾፌር፣ ረዳት፣ የወፍጮ ሠራተኛና ብረት ቀጥቃጭ አይጠፋም። እኔ አስተማሪ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ነገሩ ግን ከአንደኛ ደረጃ የሳይንስ ትምህርት አይርቅም።

እስቲ ከወናፍ እንጀምር። ወናፍ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቀጥቃጩ ወናፉን ሲከፍተው አየር ይገባል። ሲጫነው አየሩ ወደ ፍሙ ይሄዳል። በሞተር ውስጥም ሲሊንደር የሚባል ክብ ጉድጓድ አለ። በሲሊንደሩ ውስጥ ፒስተን ወደ ታችና ወደ ላይ ይመላለሳል። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ እንደ ተከፈተ ወናፍ አየር ይስባል። ያ አየር ከነዳጅ ጋር ተቀላቅሎ ይቃጠላል። መኪናውን የሚያስኬደው የዚህ ቃጠሎ ጉልበት ነው። ነዳጅ ቢኖር አየር ከሌለ ቃጠሎ የለም። ምድጃ ላይ ድስት ስትደፉበት እሳቱ ይጠፋ የለ? እንደዚያው ነው።

ሞተር ምን ያህል አየር ይስባል? እርሳስና ወረቀት አንሡና አብረን እናስላ።

የሞተሩ መጠን 2 ሊትር ነው እንበል። ሞተሩ በ1 ደቂቃ 3,000 ጊዜ ይዞራል እንበል። የመኪና ሞተር በ2 ዙር አንድ ጊዜ ነው አየር የሚስበው። ስለዚህ 3,000ን ለ2 እናካፍላለን፤ 1,500 ይሆናል። 1,500ን በ2 ሊትር እናባዛለን፤ 3,000 ሊትር ይሆናል። ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ሲረግጠው ሞተሩ በ1 ደቂቃ እስከ 3,000 ሊትር አየር ይስባል ማለት ነው። 200 ሊትር በሚይዘው በርሜል ብንሰፍረው 15 በርሜል ነው። በ1 ደቂቃ!

በሌላ መንገድም ማየት ይቻላል። 1 ሊትር ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 11 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየር ይመዘናል እንዴ? አዎ፣ ይመዘናል። 11 ኪሎ አየር በባሕር ዳርቻ አገር 45 በርሜል ያህል ይሞላል። ደጋ ስንወጣ ግን አየሩ ይሳሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ ያው 11 ኪሎ አየር ወደ 60 በርሜል ይጠጋል። ከጅቡቲ ጭነው የሚመጡ ሾፌሮች ደጋ ሲደርሱ ሞተሩ ሲደክም የሚያዩት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ አየር የሚመጣው ከየት ነው? ከመንገዱ ላይ ነው። በበጋ በጠጠር መንገድ ከሌላ መኪና ኋላ የሄደ ሰው ያን አየር ያውቀዋል። ቅንድብ ይነጣል፣ ጥርስ መሐል አሸዋ ይንቀጫቀጫል። ሰው አፍንጫውን በነጠላ ይሸፍናል። ሞተሩ ደግሞ በማጣሪያ ይሸፈናል። ማጣሪያውን በጋራዥ ቋንቋ «ፊልትሮ» ይሉታል።

አቧራ ለሞተር ለምን ክፉ ሆነ? በአቧራ ውስጥ የኳርትዝ ድንጋይ ብናኝ አለ። ኳርትዝ ሲሊንደሩ ከተሠራበት ብረት ይበልጥ ይጠነክራል። በፒስተኑ ዙሪያ ደግሞ «ፋሻ» የሚባሉ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች አሉ። ፋሻውና ሲሊንደሩ በስስ ዘይት ተለያይተው ይንሸራተታሉ። ከፀጉር የቀጠነ የድንጋይ ብናኝ እዚያ መሐል ሲገባ ዘይቱ መሞረጃ ይሆናል። ቢላ በድንጋይ እንደሚሳል ሲሊንደሩም ይሳላል። ቢላው ስለት ያወጣል፤ ሲሊንደሩ ግን ይሰፋል። ከዚያ ሞተሩ ዘይት ይበላል። በማርሚታው በኩል ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት አልነሣም ይላል። ዳገት ላይ ይለግማል። በመጨረሻም ሞተሩ ይወርዳል። ሞተር ማውረድ ስንት እንደሚያስወጣ ባለ መኪናን ጠይቁ፤ እኔ አልነግራችሁም።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። በብዙ መኪና ፋብሪካው የሠራው የአየር መሳቢያ አፍ ከኮፈኑ በታች፣ ከፊት ጎማው አጠገብ ነው። ቦታው ለከተማ አስፋልት ደኅና ነው። ለገጠር መንገድ ግን ዝቅተኛ ነው። አቧራው የሚወፍረው ከመሬቱ አጠገብ ነውና። ስለዚህ የገጠር መኪናዎች ላይ ከኮፈኑ ጎን ወጥቶ እስከ ጣሪያው የሚደርስ ቱቦ ታያላችሁ። በላንድ ክሩዘር ላይ በብዛት አለ። አንዳንዱ ከፋብሪካ የመጣ ነው፤ አንዳንዱ እዚሁ አገር በላሜራና በቧንቧ የተሠራ ነው። እዚህ የተሠራው ከፋብሪካው የሚያንስበት ምክንያት የለም፤ አንድ ነገር ከተጠበቀ።

ይህ አንድ ነገር ምንድን ነው? ልብ ብላችሁ አዳምጡ። ፊልትሮው የአየሩን መንገድ ለሁለት ይከፍለዋል። ከፊልትሮው በፊት ያለው የቆሻሻ ወገን ነው። ከፊልትሮው በኋላ ያለው፣ እስከ ሞተሩ ድረስ፣ የንጹሕ ወገን ነው። በቆሻሻው ወገን ያለውን ቱቦ በእጃችሁ ሥሩ። ቢያፈስ እንኳ የገባው አቧራ ፊልትሮው ላይ ይቀራል። የንጹሑን ወገን ግን በእጅ በተሠራ ነገር አትተኩ። እዚያ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ ብትኖር አቧራው በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል።

ይህን በዓይናችሁ ለማየት አንጓ የሌለው ቀጭን ሸምበቆ ቁረጡ። አንዱን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በሌላው ምጠጡ። ውሃ ይመጣል። አሁን ሸምበቆውን ከአፋችሁ አጠገብ በመርፌ ብሱትና እንደገና ምጠጡ። ውሃውም ይመጣል፣ ከእርሱ ጋር ግን በቀዳዳው አየር ይገባል። ሞተርም እንደዚሁ ነው። በደጉ መንገድ እየሳበ በክፉው ቀዳዳም ይስባል። ድምፁ አይለወጥም፤ ጉልበቱም ያን ቀን አይቀንስም። ጉዳቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው።

አስተምርበት በነበረ አንድ ወረዳ እንዲህ ያለ ፒክ አፕ መኪና ነበር። ቱቦውን የሠራው ብረት ሠሪ እጁ የተመሰገነ ነው። ከውጭ ሲታይ ፋብሪካ የሠራው ይመስላል። ነገር ግን ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የላስቲክ ቱቦ ተሰንጥቆ ኖሮ፣ አዲስ ከመግዛት ይልቅ በናስትሮ ጠቀለሉት። ናስትሮ በሙቀት ይለቃል። ዓመት ሳይሞላ ሞተሩ ሰማያዊ መጨስ ጀመረ። አንድ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰድ ተባለ። መኪናው ተነሣ፣ ግማሽ ዳገት ወጣ፣ ቆመ። የቀረውን መንገድ በቃሬዛ ተሸክመዋት ሄዱ። እርሷም ልጇም ተርፈዋል። ሰዎቹ ግን መኪናውን አራግፈው፣ ዝናብ እየመታቸው፣ 2 ሰዓት ሙሉ ነው የተጓዙት። ናስትሮው ከተነሣበት ቦታ አንድ አዲስ የላስቲክ ቱቦ ቢገባ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

ስለዚህ ቱቦውን ከመሥራታችሁ በፊት የንጹሑን ወገን ፈትሹ። ላስቲኩን ፈትታችሁ እጠፉት። ስንጥቅ ካለው አዲስ ግዙ። በሁለቱም ጫፍ በብሎን በሚጠብቅ የብረት ቀለበት እሰሩት፤ ጋራዥ ውስጥ «ፋሼታ» ይሉታል። ሽቦ አይሆንም፣ ክርም አይሆንም። ሞተር ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ሽቦ ላስቲኩን ይቆርጠዋል። በላስቲኩ ፋንታ የብረት ቧንቧ ማግባትም አይገባም። መንቀጥቀጡ ብየዳውን ይሰነጥቀዋል።

ቀጥሎ የቱቦው ስፋት። በገበያ ላይ 50፣ 75 እና 110 ሚሊ ሜትር የሚባሉ የፕላስቲክ ቧንቧዎች ይገኛሉ። ብዙ ሰው «50 ምን አነሰው?» ይላል። እናስላ። 50 በ50 ሲባዛ 2,500 ነው። 75 በ75 ሲባዛ 5,625 ነው። ባለ 75ቱ ቱቦ ከባለ 50ው ከእጥፍ በላይ አየር ማሳለፊያ አለው። በጠባብ ቱቦ የሚስብ ሞተር አፍንጫው እንደ ታፈነ ሯጭ ነው፤ የናፍጣ ከሆነ ጥቁር ጭስ ያበዛል። ደንቡ ቀላል ነው። አዲሱ ቱቦ ፋብሪካው በፊልትሮው ሣጥን ላይ ከሠራው መግቢያ አይጥበብ። ያን አፍ በሜትር ለኩና ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ወረቀቱን ይዛችሁ ገበያ ሂዱ።

ፕላስቲክ ወይስ ብረት? ፕላስቲክ ርካሽ ነው፣ አይዝግም። ነገር ግን ነጩ ወይም ግራጫው የውሃ ቧንቧ ፕላስቲክ ውሃ ለመፍላት ሳይደርስ፣ በ80 ዲግሪ ሙቀት አካባቢ ይለሰልሳል። ከኮፈኑ በታች፣ በጭስ ማውጫው አጠገብ፣ ሙቀቱ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ፕላስቲኩን ከውጭ ብቻ አድርጉት። ከኮፈኑ በታች ያለውን ክፍል በብረት ወይም ሽቦ በተጠመጠመበት ላስቲክ ሥሩ። ለስላሳ ላስቲክ በሞተሩ ስበት ይጨፈለቃል። ዚንክ የተቀባ የውሃ ቧንቧ ለመበየድ የምታስቡ ደግሞ ተጠንቀቁ። ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ በዚያው ቀን ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያስይዛል። ዚንኩን በሞረድ አስወግዱና በግልጽ ቦታ፣ ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጋችሁ በይዱ።

መታጠፊያ አታብዙ። ቱቦው ከጭስ ማውጫው ይራቅ። የሞቀ አየር የሳሳ አየር ነው። በ60 ዲግሪ የሞቀ አየር በ20 ዲግሪ ካለው በክብደት 12 በመቶ ያህል ያንሳል፤ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ቱቦውን ከበሩ ዓምድ ጋር ሁለት ቦታ ላይ እሰሩት። የላይኛውን አፍ እንደ ከዘራ ጭንቅላት ወደ ታች ቆልምሙት፤ ዝናብ አይገባውም። አፉ ላይ ሰፊ ዓይን ያለው ወንፊት ሽቦ አድርጉ፤ ቅጠልና አንበጣ ይከለክላል። የደቀቀ ወንፊት ግን በአቧራ ይደፈናል። ቀለሙን እንደወደዳችሁ ቀቡት።

ብረት ስትበሱና ስትቆርጡ የፊልትሮውን ሣጥን አፍ በጨርቅ ድፈኑ። የብረት ፍቅፋቂ ከአቧራ የባሰ ነው። ስትጨርሱ ጨርቁን አውጡ። ይህን መናገር ሞኝነት ይመስላል፤ ነገር ግን ጨርቅ እንደተወተፈበት ተገጥሞ «መኪናው አልነሣ አለ» የተባለበት ጊዜ አለ።

አሁን ፈተናው። ሞተሩን አስነሡ። ነዳጅ ሳትሰጡት ቀስ ብሎ ይሥራ። ጠፍጣፋ ጣውላ ወስዳችሁ የቱቦውን አፍ ግጥም አድርጋችሁ ዝጉ። አፉ ስለተቆለመመ ጣውላውን ከታች ወደ ላይ ነው የምትገፉት። እጃችሁን አትጠቀሙ፤ ጨርቅም አትጠቀሙ፣ ይሳባል። በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ሞተሩ ከታፈነና ከጠፋ ቱቦው ደኅና ነው። መሥራቱን ከቀጠለ በሌላ ቀዳዳ እየተነፈሰ ነው። ጣውላውን አንሡ፤ ሞተሩን አጥፉና ቀዳዳውን ፈልጉ። መጀመሪያ የምትፈልጉት በንጹሑ ወገን ነው።

ስለ ፊልትሮው ራሱ ጥቂት ልበል። ፊልትሮ በቤት አይሠራም። ስፖንጅ፣ ጆንያ፣ የናይሎን ካልሲ የሚያስሩ አሉ። የእነዚህ ዓይን ትልቅ ነው። የጤፍ ወንፊት ለዱቄት እንደማይሆን ታውቃላችሁ። ሲያረጁም ተበጣጥሰው ወደ ሞተሩ ይገባሉ። የወረቀት ፊልትሮን በቤንዚን አትጠቡት። ጎማ ላይም አትጨፍጭፉት። ብዙ ረዳት ይህን ያደርጋል፣ አቧራውም ቡን ሲል ደስ ይለዋል፤ ወረቀቱ ግን ይቀደዳል፣ የላስቲክ ከንፈሩም ይጣመማል። ፊልትሮው መበሳቱን ለማወቅ በጨለማ ክፍል ውስጥ አምፖል ወደ መሐሉ አግቡ። የብርሃን ነጥብ ከታያችሁ ጣሉት።

የድሮ ላንድሮቨር፣ የድሮ ቮልስዋገንና አንዳንድ ወፍጮ በወረቀት ፋንታ ዘይት ያለበት ፊልትሮ አላቸው። አየሩ በዘይቱ ላይ በድንገት ይታጠፋል፤ አቧራው ስለሚከብድ መታጠፍ አቅቶት ዘይቱ ላይ ይወድቃል። በሣጥኑ ውስጥ የዘይቱ ልክ ምልክት ተደርጎበታል። ከምልክቱ አታሳልፉ፤ ከታችም አታድርጉት። ዘይቱ እንደ ጭቃ ሲሆን ደፍታችሁ ሣጥኑን እጠቡት።

ፊልትሮውን ጨርሰው አውጥተው የሚነዱም አሉ። ድምፁ ያምራል፣ ጉልበት ይጨምራል ይላሉ። ድምፁ እንደሚጨምር አልክድም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። እንግዲህ አሁን ያለው ሞተር ምትኩ ቀላል አይደለም። ለጥቂት ቀን ድምፅ ሲባል እርሱን መፍጨት ለእኔ ትርጉም የለውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ቀርቶኛል። ረጅም ቱቦ የሠራ ሾፌር ወንዝ መሻገር ያምረዋል። ተጠንቀቁ። የናፍጣ ሞተር የሳበውን አየር አምቆ ወደ 20ኛ እጅ ያህል ያሳንሰዋል። ውሃ ግን አይታመቅም። ትንሽ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ከገባ ፒስተኑ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል፤ «ቢዬላ» የሚባለው የፒስተኑ ክንድ ይጣመማል። ቱቦው ቢረዝምም የፊልትሮው ሣጥን ክዳን ካፈሰ ውሃው በዚያ ይገባል። የዝናብ ውሃ ማንጠባጠቢያ ብላችሁ ከሣጥኑ በታች ቀዳዳ ከበሳችሁም ያው ነው፤ ውሃ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት መደፈን አለባት። ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋ እንደገና ለማስነሣት አትሞክሩ፤ አስጎትታችሁ ካወጣችሁ በኋላ መካኒክ ይክፈተው። የሚወርድ ጎርፍ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አትግቡ። ቱቦው ሞተሩን ያስተነፍሰው ይሆናል፤ መኪናውን ከነሰዉ ጎርፍ እንዳይወስደው አያደርግም።

ሥራው ካለቀ በኋላ ደብተር ያዙ። ፊልትሮው የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። ሾፌሩ ማንበብ ካልቻለ ረዳቱ ይጻፍለት። ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በአቧራ መንገድ ተጉዛችሁ ስትመለሱ ሞተሩን አጥፉት። ሲበርድ ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ላስቲክ ፍቱ። ነጭ ጨርቅ በጣታችሁ ጠቅልላችሁ የላስቲኩን ውስጥ ጥረጉ። ጨርቁ ንጹሕ ከሆነ ላስቲኩን መልሳችሁ እሰሩ። ቀይ ወይም ግራጫ አቧራ ከያዘ ግን መኪናው በዚያን ቀን አይሂድ። በመጀመሪያ የፊልትሮውን የላስቲክ ከንፈር እዩ፤ ቀጥሎ ፋሼታዎቹን አጥብቁ፤ ከዚያም ላስቲኩን እንደገና አጥፋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ።

ደኅና ሁኑ።